ልጆቼን የክረምት ኮርስ አስገብቼ ያየሁት

ሰኔ ሲገባ የአዲስ አበባ ወላጅ ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው። «ልጆቹን የት ልታስገቢ ነው?» አንዱ ዋና ይላል፣ አንዱ ኮምፒውተር፣ አንዱ እንግሊዝኛ። እኔ ባለፈው ክረምት ሁለቱንም ልጆቼን ሰፈራችን ያለው ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት አስገባኋቸው። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤትም ጎረቤትም «እንዴት ነበር?» እያለ ሲጠይቀኝ ከረመ። ለእያንዳንዱ ከመድገም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ እውነቱን ላውራ። ያስገባኋቸው ለነፍሳቸው ተጨንቄ አይደለም። እኔ ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ መገኘት አለብኝ። አባታቸው ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። ቤት የምታግዘኝ ልጅ ደግሞ «እትዬ፣ እኔ ከትልቁ ልጅ እጅ ስልክ መንጠቅ አልችልም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ደብሩ በእግር 10 ደቂቃ ነው። ክፍያው ለሁለት ወር በልጅ 400 ብር ነበር፣ አንድ የጸሎት መጽሐፍ ጨምሮ። በዚህ ዘመን 400 ብር ምን ይገዛል? ሒሳቡን የሠራሁት እንደዚህ ነው።

የደብሩን ስም አልጽፍም። ቅሬታዬን ሁሉ ላወራ ነውና። የሚያስተምሩት ልጆች ደግሞ አምስት ሳንቲም የማይከፈላቸው፣ ክረምታቸውን ሰጥተው የሚያገለግሉ ወጣቶች ናቸው። ስማቸው ከቅሬታ ጋር እንዲነሣ አልፈልግም። ደግሞም እንዲህ ያለ ኮርስ የሌለው ደብር ብዙም የለ፤ የእናንተ ሰፈር ውስጥም ሳይኖር አይቀርም።

ትልቁ 12 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 8። ሐምሌ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ሁለት መቶ የሚሆን ልጅ ነጠላውን አጣፍቶ ተሰልፏል። ግማሹ ነጠላ ከወዲሁ ጭቃ ነክቷል። ከፊት የቆመው ወጣት «አቡነ ዘበሰማያት» ብሎ ሲጀምር ያ ሁሉ ልጅ ተቀበለው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ቢሮ እንደሚረፍድብኝ እያወቅሁ እስኪጨርሱ አልተንቀሳቀስኩም።

ቀኑ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከ2:30 ጀምሮ እስከ 4:30 ገደማ የኔታ ጋ ንባብ፣ ከዚያ ቆሎና ውሃ፣ ከዚያ እስከ 6 ሰዓት ትምህርተ ሃይማኖትና መዝሙር። ወረቀቱ ላይ 6 ሰዓት ይላል፤ ልጆቹ የሚለቀቁት ግን 6:20፣ አንዳንዴም 6:40 ነው። ሰው ልኮ ልጁን ለሚያስወስድ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የኔታን ልንገራችሁ። ሸምግለዋል፤ ድምፃቸው ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ይበልጣል። ማንም ልጅ፣ የፈለገውን ክፍል ይማር፣ ከሀ ነው የሚያስጀምሩት። የኔው ትልቁ ልጅ በዚህ ተናደደ። «የኔታ፣ እኔ እኮ ሰባተኛ ክፍል ልገባ ነው» አላቸው። እሳቸውም «እሰይ፤ እንግዲያ ቶሎ ትጨርሳለሃ» አሉት። አለቀ። ሀሁ ቆጠረ፣ አቡጊዳ ቆጠረ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አለፈ።

ይሄን ለማያውቅ ላስረዳ። በአብነት ትምህርት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኗ ባህላዊ ትምህርት፣ ፊደል የለየ ልጅ መጀመሪያ የሚያነበው በግዕዝ የዮሐንስን አንደኛ መልእክት ነው። አንድ ጊዜ አንብቦ የሚታለፍ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ግዕዝ በሚባለው ንባብ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ይዘልቀዋል። ከዚያ ውርድ ንባብ አለ። መጨረሻ ላይ ቁም ንባብ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ተጣዩንና ሰያፉን፣ ማለትም እያንዳንዱ ቃል በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነበብ፣ መለየት አለበት። የሚነሣውን ቃል ከጣለው ወይም የሚወድቀውን ካነሣው የኔታ በእጃቸው የያዟትን ስንደዶ ገጹ ላይ ጠብ ያደርጋሉ። ቃሉ ይደገማል። ልጁን አይነኩም፤ እሱን ፊት ለፊት ጠይቄ፣ ቁጭ ብዬም አይቼ አረጋግጫለሁ። እኔ ልጅ ሆኜ የተማርኩባቸው የኔታ ግን በቁንጥጫ ነበር የሚያነሡትም የሚጥሉትም።

ልጄ በሁለተኛው ሳምንት ምን አለኝ መሰላችሁ? «እማ፣ እንደ ጌም እኮ ሌቭል አለው።» ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሳይጎተት መጽሐፉን ያወጣል። ያ ስልክ ካልተነጠቀ የማይለቅ ልጅ! ሐምሌ ሳያልቅ ምዕራፍ አንድን በቁም ንባብ አወረደው። በስልኬ ቀረጽኩትና ለቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅሁት። አሜሪካ ያለችው እህቴ የሚያለቅስ ስቲከር በስቲከር አደረገችው። አያቱ ድምፅ ልከው መረቁት።

በዚያኑ ምሽት በቻርጀር ተጣልቶ እህቱን ገፈተራትና ግንባሯ የሶፋው ጠርዝ ላይ አረፈ።

እየቀባኋት ሳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ መልእክተ ዮሐንስ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ልጄ ግን አያውቅም። ያን ሁሉ ገጽ አንድ ተነሽ ሳይሳሳት ሲያነበንብ ከርሟል፤ ምን እያለ እንደሆነ ግን የነገረው የለም። የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይሄ ነው። የኔታ ንባብ ያስተምራሉ፤ ትርጓሜ ሌላ ጉባኤ ነው፣ ራሱን የቻለ ዓመታት የሚፈጅ። ይሄ ሥርዓቱ ነው፣ ገብቶኛል። የዱሮው ተማሪ ግን ጉባኤ ቤት ነበር የሚውለው፤ ዛሬ ባይገባው የዛሬ አምስት ዓመት ይገባዋል። የእኔ ልጅ ጳጉሜን ሲያልቅ ወደ ሒሳብና ሳይንሱ ይመለሳል።

ደግነቱ ከቆሎው በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ነበረ። የታዳጊዎቹን ክፍል የያዘው አንድ ዲያቆን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ሰማያዊ ሹራብ የሚለብስ። እኔ ስለ ቻርጀሩ ጠብ ትንፍሽ አላልኩም። እሱ ግን በራሱ ጊዜ፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ልጆቹ የሚያነቡትን መልእክት ወደ አማርኛ መልሶ ያስተምራቸው ጀመር። የኔታ ጋ ያነበቡትን ከቆሎ በኋላ እሱ ጋ ይፈቱታል። እኔ እንዲህ ያለ ቅንጅት በሌላ ደብር አልሰማሁም፤ ምናልባት እዚህም የዚህ ልጅ የራሱ ሐሳብ ይሆናል። ምዕራፍ 4 ላይ ሲደርሱ ያቺ ቁጥር 20 መጣች፦ «ማንም እግዚአብሔርን እወዳለሁ እያለ ወንድሙን ቢጠላ ሐሰተኛ ነው።»

ልጄ በዚያ ቀን ምሳውን ዝም ብሎ በላ ተባልኩ። ማታ ወጥ ቤት መጣና በሩን ተደግፎ ቆመ።

«እማ፣ ወንድሙን ሲል እህትንም ይጨምራል?»

«ይጨምራል።»

«ግን ወንድሙን ነው እኮ የሚለው።»

«አንተ፣ ይጨምራል አልኩህ!»

«እሺ» ብሎ ሄደ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትንሿ «እማዬ፣ ቻርጀሩን አመጣልኝ! ምን ሆኖ ነው?» እያለች ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አልተጣሉም ብዬ አልዋሻችሁም። በሦስተኛው ቀን በሪሞት ተጣሉ። ነገር ግን ማምለጫ ፍለጋ ጥቅሱን ሲያገላብጥ መዋሉን ወደድኩት። ያልገባው ሰው ማምለጫም አይፈልግም።

አሁን ወደ ትንሿ ልሂድ። የእሷ ነገር ከባድ ነው።

የሕፃናቱ ክፍል ከሁሉም ይጨናነቃል። አንድ ቀን ገብቼ ቆጠርኩ፤ 70 ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሁለት አስተማሪ። ወንበር ስላልበቃ ከኋላ ያሉት ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ። ሽንት ቤቱ ሁለት ነው፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ይሄን ስጽፍ ኮሚቴው እንዲያነበው እፈልጋለሁ። 400 ብር ሲባዛ በ200 ልጅ 80,000 ብር ነው፤ አንድ ሮቶ መግዛት እንዴት ያቅታል? የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ይቅርታ፣ ልማድ ነው።

ትምህርቱ ግን መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ዕለት የሕፃኑን ቂርቆስና የእናቱን የኢየሉጣን ታሪክ ነገሯቸው። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕፃኑ 3 ዓመቱ ነው። ውሃው እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ ይፈላል። እናቱ ፈራች። ሕፃኑ ነው አይዞሽ ያላት፤ መልአኩም መጥቶ ከፈላው ውሃ አዳናቸው። ልጄ ቤት መጥታ «እማዬ፣ ቂርቆስ 3 ዓመቱ ነው። እኔ 8 ነኝ። እኔ ለምንድነው የምፈራው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። «ነገ መምህሯን ጠይቂያት» አልኳት። ጠየቀች። መምህሯ «እናቱ ኢየሉጣም ትልቅ ሆና ፈርታለች። ስለፈራች ግን እግዚአብሔር አልተዋትም» አለቻት። ልጄ ይሄን ለአንድ ሳምንት ለሰው ሁሉ ስትነግር ሰነበተች። እስከ ዛሬ ታሪኩን ስሰማ ልቤ ከልጁ ጋር ነበር፤ የእናቲቱን ፍርሃት እንዲህ አስተውዬው አላውቅም። ያቺ መምህርት ዕድሜዋ ከሃያ የሚዘል አይመስለኝም።

ከዚያ መምህሯ ፈተና ደረሰባትና ለአንድ ሳምንት ሌላ አስተማሪ ገባ። የገባው ልጅ ቅን ነው፣ ግን ድምፁ ለዐውደ ምሕረት እንጂ ለ8 ዓመት ሕፃን አይሆንም። ለአምስት ቀን ስለ ሲኦል አስተማረ። ትሉ፣ እሳቱ፣ ጥርስ ማፋጨቱ። «ትናንት ለእናቱ የዋሸ እጁን ያውጣ» ብሎም ጠይቋል። ልጄ አውጥታለች። ለሦስት ሌሊት ከእኔ ጋር ተኛች፣ መብራት ሳይጠፋ። በአራተኛው ቀን «ጨጓራዬን አሞኛል» ብላ አልሄድም አለች። እውነተኛ ሕመም እንዳይመስላችሁ፤ ልጄን አውቃታለሁ።

ከቢሮ አስፈቅጄ ሄድኩ። አስተባባሪውን አገኘሁት። በትሕትና ነው ያነጋገረኝ፣ ይሄን አልክድም። ግን መልሱ «እህቴ፣ ታዲያ ሲኦል የለም እንበላቸው?» ነበር። «የለም በሉ አላልኩም። ልጄ 8 ዓመቷ ነው ነው የምልህ» አልኩት። እሱ ወደ ጥቅስ ሄደ፣ እኔ ወደ ሦስቱ ሌሊት ሄድኩ። ሳንግባባ ተለያየን። ልጅቷን ላስወጣት ወስኜ ነበር።

ያላስወጣኋት ቅዳሜ በነበረው የወላጆች ስብሰባ ምክንያት ነው። ለሁለት መቶ ልጅ የመጣነው ወላጅ 23 ነን። አባቶቹ አራት ነበሩ፤ አንደኛው ስልኩን ሊያወራ ወጥቶ አልተመለሰም። እኔ ተነሥቼ የሲኦሉን ነገር አነሣሁ። አንዲት እናት «የእኔም ልጅ!» አለች፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ያ ባለ ሰማያዊ ሹራብ ዲያቆን ከኋላ እጁን አወጣ። ስለዚህ ነገር ከእኛ በፊት የተጨነቀ አለ ብሎ ጀመረ። በኋላ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1600 ዓመት በፊት ወላጆች ልጅን እንዴት ያሳድጉ የሚል ትምህርት ጽፏል። የልጅን ነፍስ በከተማ ይመስላታል፤ ዓይን፣ ጆሮና ምላስ በሮቿ ናቸው፣ ወላጅ ደግሞ በየበሩ ዘብ ያቆማል። በዚያው ትምህርቱ ላይ ለልጅ ታሪክ በደረጃ ይነገረው ይላል። ልቡ ገና ለጋ ሳለ የሚያስፈራው ነገር አይጫንበት። ስለ ኖኅ ውሃ፣ ስለ ሰዶም በ8 ወይም በ10 ዓመቱ ሊሰማ ይችላል። ስለ ሲኦል ግን 15 ዓመት ሲሆነው ወይም ሲያልፈው ይስማ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አስተባባሪው አቀርቅሮ ማስታወሻ ያዘ። በቀጣዩ ሰኞ ያቺ መምህርት ተመለሰች፣ ያኛው ልጅ ወደ መዝሙር ክፍል ተዛወረ። እዚያ ደግሞ ጎበዝ ነው አሉ፤ ያ ድምፅ ቦታውን አገኘ። ይሄን የምጽፈው ኮርሱን ለማማት አይደለም። ወላጅ ተናግሮ የሚሰማ ኮሚቴ ያለው ደብር ብርቅ ስለሆነ ነው። ባልናገር ኖሮ ግን ልጄ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሆዷን እያመማት ታድግ ነበር።

ዲያቆኑ በስብሰባው ላይ ሌላም ነገር ተናግሯል፤ ያቺ እኔን ነክታኛለች። ዮሐንስ አፈወርቅ ታሪኩን የሚያስነግረው በቤት፣ በማታ ማዕድ ላይ፣ በወላጅ አፍ ነው። የቃየንና የአቤልን ታሪክ አባት ይናገራል። በሌላ ቀን ልጁ ራሱ እንዲደግመው ይጠየቃል። እንግዲህ እኔ 400 ብር ከፍዬ ልጆቼን በር ላይ አውርጄ ነው የምሄደው። ወጥ እየሠራሁ አንድ ታሪክ ነግሬያቸው አላውቅም። ኮርሱን የልብስ ንጽሕና ቤት አደረግነው፤ ልጅ አስረክቦ ታጥቦ እንዲመለስ መጠበቅ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ነገሩ ሁሉ መልክ ይለውጣል፤ ከኮርሱ ምርጡ ሳምንታት እነዚህ ናቸው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ የሰኞው ለብቻ፣ የማክሰኞው ለብቻ ነውና በሳምንት ሰባቱም ይዳረሳል። ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው። መቁረብ የሚፈልግ ልጅ እስከዚያ ምንም አይቀምስም። ትንሿ «እኔም» አለች። በእኛ ልማድ ከ7 ዓመት ጀምሮ ጾም ይለመዳል፤ ቢሆንም ይህቺ ቁርሷ በአምስት ደቂቃ ከዘገየ ቤቱን የምታናውጥ ልጅ ናት። መምህሯ ሦስት ቀን አዘጋጀቻቸው። ማታ ምን ሰዓት ምግብ እንደሚያቆሙ፣ ገላቸውን እንዲታጠቡ፣ የተጣሉት ካለ እንዲታረቁ። አንዲት ነገር ደግማ ደጋግማ ነግራቸዋለች፦ ቁርባን የጎበዝ ልጅ ሽልማት አይደለም። ይሄን ሳትነግራቸው ብትቀር ልጄ እንደ ሰርተፍኬት ነበር የምትቆጥረው።

እኔም ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ቆምኩ። እግሯን ትለዋውጣለች። ነጠላዬን ትጎትታለች። ወንጌል ሲነበብ ነቃች፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗ ተከደነ። ስምንት ሰዓት አልፎ ሕፃናቱ ሲጠሩ ግን ማንም ሳይቀሰቅሳት ብድግ አለች። ቀምሳ፣ ቅዳሴ ጠበል ጠጥታ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትመለስ ዓይኗ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ይህቺ ልጅ! በር ላይ ስንደርስ ነጠላውን ሳትገልጥ «ዳቦ አለ?» አለች።

ቡሄም በመሃል ነው፣ ነሐሴ 13። ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ከመሄዳቸው በፊት ዲያቆኑ ሙልሙሉ ከየት እንደመጣ ነገራቸው። በደብረ ታቦር ብርሃን ሲገለጥ እረኞች ልጆች የመሸ አልመሰላቸውም፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ትልቁ ልጄ ግን ከዚህ ሁሉ የያዘው ጅራፉን ነው። ሰፈሩን አደነቆረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ይባክናል። ከነሐሴ 17 እስከ መዝጊያው ትምህርት የለም ማለት ይቻላል። ለመዝጊያ ፕሮግራሙ መዝሙርና ጭውውት ነው ልምምዱ። ቲሸርት ግዙ ተባልን፣ 350 ብር፤ ከኮርሱ ክፍያ ብዙም የማይተናነስ! በመዝጊያው ዕለት ሽልማት የተሰጠው ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ለያዙ ልጆች ብቻ ነው። እንዲያዝ እደግፋለሁ፤ ቃል ያልያዘ ልጅ በኋላ ምን ይተረጉማል? ግን የኔዋ አልያዘችም፤ ሌሎች ብዙዎችም። ስም ሲጠራ እያንዳንዱ ልጅ ወደፊት ቀና ይላል፣ ከዚያ ያቀረቅራል። ያን ያህል ያስተማረቻቸውን መምህርት የጠየቁትን ጥያቄ የሚሸልም ሰው ጠፋ። ትልቁ ልጄ መጽሐፍ ቅዱስ ተሸለመ፤ እህቱ ስታለቅስ አይቶ «የጋራችን ነው» አላት። ቻርጀሩን አስታወስኩ፤ ምንም አላልኩም።

ነጥብ ስጪው ካላችሁኝ ለየኔታ ንባብ 9 ከ10። ለዲያቆኑና ለዚያች መምህርት እንዳሻችሁ ሙሉበት። ለግቢው፣ ለውሃውና ለሰዓት አከባበሩ 4፣ እሱም ለቆሎው ብዬ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን አታስገቡ፤ በዚያ ብዛት መሃል ይጠፋል። ከ15 በላይ የሆነ ደግሞ ሌላ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ዲያቆኑ ጋ የነበሩት ትላልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር «እጅ ወደ ላይ» ሲባሉ ሲያፍሩ አይቻለሁ።

በእናንተ ሰፈር ልታስገቡ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጠዋት ሄዳችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ልጅ ሲጠይቅ አስተማሪው ምን ያደርጋል? ይሄን ብቻ እዩ። «ዝም በል» ካለ ወይ ከሳቀበት ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። «ቆይ እኔም ልጠይቅና ነገ እነግርሃለሁ» የሚል ካገኛችሁ ሽንት ቤቱ ውሃ ባይኖረውም አስገቡ።

መስከረም ገባ፣ ትምህርት ተጀመረ፣ ስልኩም ወደ እጁ ተመለሰ። አንዲት ነገር ግን ቀረች። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እራት ላይ ታሪክ እንናገራለን፤ በሌላው ቀን እነሱም እኔም አንገኝም። ባለፈው ሐሙስ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር። ተራው የትልቁ ነው፤ የቃየንና የአቤልን ተናገረ። እግዚአብሔር በቃየን ላይ ምልክት አደረገለት፣ ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው፣ ብሎ ሲጨርስ ትንሿ እንጀራዋን እንደጠቀለለች ቆመች።

«ገዳይ አይደል እንዴ? ለምን ይጠብቀዋል?»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ሻማውን አየሁ።

«ዲያቆንን እጠይቃለሁ» አለ።

እሑድ ጠይቆ መልሱን ይዞ መጣ፤ እህቱ አልተቀበለችውም። በሚቀጥለው እሑድ ራሷ ልትጠይቅ ነው። ምዝገባ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይጀመራል። ቦት ጫማ ግዙላቸው፣ ነጠላውን ደግሞ ሁለት አድርጉት፤ አንዱ ሁልጊዜ ጭቃ ላይ ነው።